ከአቃቂ ጭቃ የብክለት መለኪያ ለመሥራት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም.

ኅዳር 8፣ እሑድ

ጠዋት ሁለት ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ትንሹ አቃቂ ወረድኩና ሁለት ባልዲ ጭቃ ይዘን ተመለስን። ቦት ጫማ፣ ረጅም የላስቲክ ጓንት፣ ሳሙናና አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውኃ ሳንይዝ ወደ ወንዙ ላለመቅረብ ተስማምተናል። ይህ ደንብ ለማንም አይላላም። ጭቃው ጥቁር ነው፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ልጆቹ አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ኦክሲጅን በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች እዚያ ሥራ ላይ መሆናቸውን የሚናገር ሽታ ነውና።

ሐሳቡን ለራሴም ግልጽ እንዲሆን እዚህ ላስፍረው። አንድ ወንዝ ምን ያህል ብስባሽ እንደተሸከመ ብዙውን ጊዜ የሚለካው ቢኦዲ በሚባለው ምርመራ ነው። ናሙናው በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ ጨለማ ውስጥ 5 ቀን ይቀመጥና ተሕዋስያኑ የተጠቀሙበት ኦክሲጅን ይለካል። ይህ የ5 ቀን ልማድ የመጣው በእንግሊዝ አገር የፍሳሽ ጉዳይ ንጉሣዊ ኮሚሽን በ1912 እ.ኤ.አ. ካወጣው ሪፖርት ነው። አቃቂ ዳር ቆስጣና ሰላጣ ለሚያለማ ሰው ግን 5 ቀን በጣም ሩቅ ነው። ውጤቱ ሲደርስ ያ ውኃ አልፎ ሄዷል፣ ቆስጣው ጠጥቶታል፣ ምናልባትም ገበያ ወጥቷል።

ጭቃው ውስጥ ካሉት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ጂኦባክተር፣ ምግባቸውን ሲበሉ የሚያወጡትን ኤሌክትሮን በኦክሲጅን ፈንታ ለብረት ማዕድን ያስረክባሉ። በብረቱ ቦታ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ከሰል ብናስቀምጥላቸው ለከሰሉ ያስረክባሉ። ኤሌክትሮኑ በሽቦ ወደ ላይ ወጥቶ ውኃው ላይ ወደ ተንሳፈፈ ሌላ ከሰል ይሄዳል፤ እዚያ ኦክሲጅን ይቀበለዋል። በሽቦው የሚያልፈው ከረንት ባክቴሪያዎቹ ከሚበሉት ምግብ ጋር አብሮ ይጨምራል፣ አብሮም ይቀንሳል። በ1911 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ፖተር ከተሕዋስያን ኤሌክትሪክ እንደሚገኝ አሳይቶ ነበር። የኮሪያ ተመራማሪዎች ደግሞ ከ20 ዓመት በፊት ይህንኑ ለቢኦዲ መለኪያነት አውለውታል። እኔ የምፈልገው ከቡና ገለባ፣ ከማር ብልቃጥና ከርካሽ መልቲሜትር የተሠራ፣ በሰዓታት ውስጥ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። እናቴ በልጅነቴ ልብስ የምታጥበው በዚህ ወንዝ ነበር። ዛሬ ያንን ላስብ እንኳ አልችልም።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

የቡና ገለባውን በዱቄት ወተት ጣሳ ሞልቼ፣ ክዳኑን በጭቃ መርጌ፣ ለጋዙ መውጫ አንዲት ቀዳዳ ትቼ ምድጃ ላይ ለ2 ሰዓት አከሰልኩት። ጥቁር፣ የሚያምር ከሰል ወጣ። መልቲሜትሩን ነካሁት፤ ምንም አያስተላልፍም። ከሰሉ ኤሌክትሪክን የሚያግድበት መጠን፣ በኦም የሚለካው፣ መሣሪያው ከሚችለው በላይ ነው፤ ከ20 ሜጋ ኦም ይበልጣል።

ምክንያቱ ሙቀት ነው። በ400 ወይም 500 ዲግሪ የከሰለ እንጨት ለዓይን ከሰል ይሁን እንጂ ውስጡ ያሉት የካርቦን ንጣፎች ገና ትናንሽ ደሴቶች ናቸው፤ ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያ የለውም። ከ800 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ደሴቶቹ ይያያዛሉ፤ ሙቀቱ በጥቂት መቶ ዲግሪ ሲጨምር ማስተላለፉ በብዙ ሺህ እጥፍ ይጨምራል። የባትሪና የሱፐር ካፓሲተር ሰዎች ከእርሻ ተረፈ ምርት ካርቦን ሲሠሩ ስለ ምድጃ ሙቀት አብዝተው የሚጽፉት ለዚህ ነው። የወጥ ቤት ምድጃ እዚያ አይደርስም።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ሰፈራችን ውስጥ ማረሻና መጥረቢያ የሚያበጁ አንድ አዛውንት ብረት ቀጥቃጭ አሉ። ሄጄ አስረዳኋቸው። «ከሰልን መልሰህ በከሰል ታነዳለህ?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ፤ ገና አልበሰለም» አልኳቸው። ይህ ቃል ገባቸው። ብረትም እኮ ገና ያልበሰለና የበሰለ አለው።

ጣሳውን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በዚያ እሳት ይበሳል አሉ። በምትኩ ወፍራም የውኃ ቧንቧ ቆርጠው አንዱን ጫፍ በየዱት፣ ሌላውን በጭቃ ደፈኑት። መሐሉ ላይ በሚስማር ቀዳዳ እንዲበሱልኝ አጥብቄ ለመንኳቸው። ያለ ቀዳዳ የተደፈነ ቧንቧ እሳት ውስጥ ቦምብ ነው፤ ይህን የሚሞክር ሰው ካለ ከሁሉ በፊት ይህን ያስታውስ። ወናፉን ተራ በተራ እየነፋን ከአንድ ሰዓት በላይ አቆየነው። ከቀዳዳዋ የሚወጣው ነበልባል ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ቧንቧውም የብርቱካን ቀለም ያዘ። ቴርሞሜትር የለንም፣ የእርሳቸው ዓይን ግን 40 ዓመት ብረት ያየ ዓይን ነው፤ ያ ቀለም ከ900 ዲግሪ እንደማያንስ ሠንጠረዥም ይመሰክራል።

ሲቀዘቅዝ ከፈትነው። በአንድ ሴንቲ ሜትር ርቀት 40 ኦም! ሰኞ ልጆቹ ይህን ቁጥር ሲያዩ የሚያሳዩትን ፊት ለማየት ቸኩያለሁ።

የቡና ገለባ አመድ ፖታሽ ይበዛበታል። እጥበቱ እስኪጠራና ሊትመስ ወረቀቱ ቀለም መቀየሩን እስኪያቆም ከሰሉን 6 ጊዜ አጠብነው።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ሦስት ባልዲ ገጠምን። ሁለቱ ውስጥ እንዳለ የመጣው ጭቃ አለ። ሦስተኛው ውስጥ የተቀቀለ ጭቃ፣ ማለትም ባክቴሪያው የሞተበት ማነጻጸሪያ አለ። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ አንድ ጊዜ ማፍላት አይበቃም፤ ስፖር የሚባል ጠንካራ ቅርፊት ለብሰው የሚተኙት ባክቴሪያዎች ይተርፋሉ። ስለዚህ ሦስት ቀን ተራ በተራ አፈላነው፦ የተረፉት ሲነቁ በማግስቱ እንዲያገኛቸው።

የከሰሉ ፍርፋሪ በሽቦ ወንፊት ተጠቅልሎ ጭቃው ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ተቀበረ፤ ሌላው ከሰል ውኃው ላይ ተንሳፈፈ። ወንፊቱን ከምናለሽ ተራ ገዛሁት። ሬዚስተሩን፣ 1,000 ኦም፣ ከሬዲዮ ጠጋኝ አገኘሁ። ሽቦው እንደተያያዘ ንባቡ 612 ሚሊ ቮልት አሳየ። ልጆቹ ጮኹ። እኔም ጮኽኩ።

ኅዳር 23፣ ሰኞ

የተቀቀለው ጭቃ 598 አነበበ።

ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። የሞተ ጭቃ ከሕያው ጋር እኩል የሚናገር ከሆነ የሚናገረው ጭቃው አይደለም። ጠዋት የድሮ ስፒከር ማግኔት ወደ ወንፊቱ አስጠጋሁ፤ ጥብቅ አድርጎ ያዘው። የማይዝግ ብረት ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ወንፊት ዚንክ የተቀባ ተራ ብረት ኖሯል። ጭቃው ውስጥ ያለው ዚንክ እየተበላ፣ ላይ ያለው ከሰል ኦክሲጅን እየተቀበለ፣ ሳናውቅ የድንጋይ ባትሪ ሠርተናል። ባክቴሪያዎቹ ከዚያ ቁጥር ውስጥ ምንም ድርሻ የላቸውም።

ይህን በትልቁ እጽፈዋለሁ፤ በዚህ መንገድ የሚሳሳቱ ብዙዎች እንደሆኑ በኢንተርኔት ላይ ካየኋቸው የጭቃ ባትሪ ቪዲዮዎች አውቃለሁ። ሚስማርና መዳብ ጭቃ ውስጥ ይተከላሉ፣ አምፑል ይበራል፣ «ባክቴሪያ ነው» ይባላል። ማነጻጸሪያው ባልዲ ባይኖር እኛም ያንኑ እንል ነበር። ሐሰተኛ ቁጥር ይዤ ወደ ወንዙ ዳር ሰዎች ልሄድ እንደነበር ሳስብ እጄ ይቀዘቅዛል።

ኅዳር 29፣ እሑድ

እንደገና ገጠምን። ብረት የሚባል ነገር ጭቃው ውስጥ የለም። ያለቁ የድንጋይ ባትሪዎች ሰብስበን፣ ተራውን ዓይነት ብቻ፣ በጓንት ፈተን መሐላቸው ያለውን የካርቦን ዘንግ አወጣን። ዘንጎቹ ሰሙ እንዲለቅ በፈላ ውኃ ተቀቅለው ታጥበዋል። ከሰሉ በናይሎን ጨርቅ ከረጢት ውስጥ በዘንጉ ዙሪያ ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ሽቦው ዘንጉን የሚነካው ከውኃው በላይ ነው።

ንባብ፦ አንደኛው 7፣ ሁለተኛው 9፣ የተቀቀለው 6 ሚሊ ቮልት። ማንም አልጮኸም፤ ይህ ግን ካለፈው ሳምንት 612 እጅግ የሚሻል፣ እውነተኛ ቁጥር ነው።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

አንደኛው 188፣ ሁለተኛው 214፣ የተቀቀለው 11። መጨመር የጀመረው በ6ኛው ቀን ነበር፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ በፍጥነት። ባክቴሪያዎቹ ከሰሉ ላይ ሰፍረው፣ ተባዝተው፣ ሽፋን ሠርተዋል። እንዴት ለከሰሉ እንደሚያስረክቡ ከታወቀው ሁሉ የሚያስደንቀኝ በ2019 እ.ኤ.አ. የታየው ነው፦ የጂኦባክተር ሽቦ መሰል ክሮች ብረት ባዘለ ፕሮቲን፣ በሂም ሞለኪውሎች ሰንሰለት የተሠሩ ናቸው። ሂም ደማችንን ቀይ የሚያደርገው ያው ነገር ነው። ይህን ለተማሪዎቹ ስነግራቸው አንዷ «እነሱም ደም አላቸው ማለት ነው?» አለችኝ። ደም የላቸውም፤ ጥያቄዋን ግን ወደድኩት።

አንድ ያልጠበቅነው ነገር፦ ንባቡ ሌሊት ይወርዳል፣ ቀን ይወጣል። ብርዱ ነው ብዬ ነበር። ለማረጋገጥ አንደኛውን ባልዲ በጥቁር ላስቲክ ሸፈንኩት፤ ውጣ ውረዱ በግማሽ ቀነሰ። ስለዚህ ግማሹ ሙቀት ነው፣ ግማሹ ደግሞ ከላይ የበቀለው አልጌ ቀን ቀን የሚሰጠው ኦክሲጅን ነው። በዚህ ከፍታ ኦክሲጅን ውድ ነው። በባሕር ወለል በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊ ግራም ያህል ሲይዝ እኛ ጋ 7 አይሞላም። ላይኛው ከሰል ትልቅ መሆን አለበት። ሦስት እጥፍ አደረግነው። (ከ2 ቀን በኋላ የጨመርኩት፦ ንባቡ ወደ 260 ወጥቷል።)

ጥር 4፣ እሑድ

ከሁለተኛው ባልዲ ባክቴሪያ የሰፈረበትን ከሰል ወደ ማር ብልቃጥ አዛወርን። አሁን ጭቃ የለም፤ ከሰልና የሚለካው ውኃ ብቻ። ሬዚስተሩ 470 ኦም ሆነ፣ ብልቃጡም ሙቀቱ እንዳይዋዥቅ 25 ዲግሪ የሚጠበቅበት የውኃ ሳፋ ውስጥ ተቀመጠ።

ስልክ መሙላት እንችላለን ወይ ብለው ልጆቹ ለጠየቁት በሰሌዳው ላይ አብረን አሰላን። 121 ሚሊ ቮልት በ470 ኦም 31 ማይክሮ ዋት ነው። አንድ የዘመኑ ስልክ ባትሪ 19 ዋት ሰዓት ይይዛል። ክፍፍሉ 70 ዓመት ገደማ ይመጣል። ሆኖም ትንሽ ኃይል ከንቱ አይደለም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተመራማሪዎች ከውኃ ሥር ጭቃ በሚገኝ ኤሌክትሪክ ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ የአየር ሁኔታ መለኪያ አንቀሳቅሰው በ2008 እ.ኤ.አ. አሳውቀዋል። እኛ ግን ኃይሉን አንፈልገውም። የምንፈልገው የኃይሉን መዋዠቅ ነው።

ጥር 18፣ እሑድ

መለኪያውን በሚታወቅ ነገር መፈተን። 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ ያለበት አቼቶ በቤኪንግ ሶዳ አረፋው እስኪቆም አሲድነቱን አጠፋንለት፤ ሶዲየም አሴቴት ሆነ፤ ጂኦባክተር ከሁሉ የሚወደው ምግብ። ከዚያ አንድ ሚሊ ሊትር በአንድ ሊትር ውኃ ሲገባ 53 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን የሚጠይቅ ምግብ ይሆናል። ለሁሉም ናሙና እኩል ጨው ጨመርን፤ ያለ ጨው የውኃው የማስተላለፍ ልዩነት ራሱ ቁጥሩን ያዛባዋል። ናሙናው ከገባ ከ2 ሰዓት በኋላ አነበብን።

ባዶ ውኃ 11 ሚሊ ቮልት፤ በሊትር 25 ሚሊ ግራም ኦክሲጅን የሚጠይቅ ምግብ ያለበት 57፤ 50 ሚሊ ግራም 84፤ 100 ሚሊ ግራም 121፤ 200 ሚሊ ግራም 148።

መስመሩ ይጎብጣል። የጠገበ ባክቴሪያ ተጨማሪ ቢቀርብለት ፈጥኖ አይበላም። ከ100 በላይ ያለውን ውኃ ካላቀጠንን በቀር ቁጥሩን አናምነውም። ሦስት ጊዜ ደጋግመን በመካከላቸው ያለው ልዩነት 6 ሚሊ ቮልት አላለፈም። በ2 ሰዓት! 5 ቀን የሚፈጀውን ጥያቄ በ2 ሰዓት የሚመልስ የማር ብልቃጥ። ትልቋ ተማሪዬ ግራፉን በወረቀት ስላ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው።

የካቲት 2፣ እሑድ

ሦስት ቦታ ቀዳን። የመጀመሪያው ከገፈርሳ በታች፣ ቤት ሳይበዛ። ሁለተኛው ከተማው መሐል። ሦስተኛው ወደ ታች፣ የአትክልት ማሳዎቹ አጠገብ፤ ከዚያ ወንዙ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። ከአገራችን ቀደምት የውኃ ኃይል ኤሌክትሪክ ማመንጫዎች አንዱ የተሠራው እዚያ ነው፤ ውኃው ከዚያ አዋሽ ይገባል።

ላይኛው 24 ሚሊ ቮልት። መሐሉ 139፤ በአራት እጥፍ ሲቀጥን 71፣ ተመልሶ ሲሰላ 140 ሚሊ ግራም ያህል። ታችኛው 78፣ ማለትም 41 ሚሊ ግራም።

ልጆቹ ደስ አላቸው፤ ወንዙ እየወረደ ራሱን አጽድቷል አሉ። ወንዝ ይህን ያደርጋል፤ መጽሐፍ ላይም አለ። ግን የታችኛውን ውኃ ጠርሙስ ስከፍት ዓይኔን ቆጠቆጠኝ፤ ቀለሙም አረንጓዴ ወደ ግራጫ የሚያደላ ነው። ላይኛውና ታችኛው መካከል ቆዳ የሚያለፉ ፋብሪካዎች አሉ። ባክቴሪያ ሁለት ጊዜ ዝም ይላል፦ የሚበላው ሲያጣ፣ እና ሲመረዝ። የእኛ መልቲሜትር ሁለቱን ዝምታ አይለይም። ይህን ሳላስብ 3 ወር መሥራቴ ያሳፍረኛል።

የካቲት 9፣ እሑድ

መለያ መንገዱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። በናሙናው ላይ መጠኑ የታወቀ ምግብ፣ 50 ሚሊ ግራም፣ እንጨምራለን። ባክቴሪያዎቹ ጤነኛ ከሆኑ ንባቡ ግራፉ በሚለው ልክ መውጣት አለበት።

ላይኛው ውኃ፦ ይጠበቅ የነበረው 92፣ የተነበበው 90። ጤነኛ።

ታችኛው ውኃ፦ ይጠበቅ የነበረው 115፣ የተነበበው 86። ምግብ ቀርቦላቸው አልበሉም።

ናይትሬት ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ፤ ናይትሬት ኤሌክትሮኑን ከከሰሉ ስለሚነጥቅ ንባቡን ያወርዳል። ናይትሬት ቢሆን ግን ውኃው ሲቀየር ወዲያው ይስተካከል ነበር። ብልቃጡን አጥበን ንጹሑን የ50 ሚሊ ግራም መፈተኛ ስንሰጠው በ84 ፈንታ 61 አነበበ። ወደ 82 ለመመለስ 2 ቀን ወሰደበት። ውኃው ከሄደ በኋላ የሚቆይ ጉዳት የመርዝ ጠባይ ነው። ስለዚህ የ41 ሚሊ ግራሙ ቁጥር ተሰርዟል። ከግድግዳው ላይም አወረድነው። መሣሪያው የመርዙን ዓይነት አይለይም፤ ብረት ይሁን ሌላ ኬሚካል የሚመልሰው ሌላ ምርመራ ነው።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ናሙና ስንቀዳ ያዩን፣ ከታችኛው ማሳ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙ አንዲት እናት ከትምህርት በኋላ ስሄድ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ታዲያ ውኃው ደህና ነው ወይስ አይደለም?»

ያለፈው ሳምንት ቁጥር ይዤ ብሆን «ከመሐሉ ይሻላል» እላቸው ነበር። አሁን ያልኩት ይህ ነው፦ «እማማ፣ ይህ ብልቃጥ ጀርምና የትል እንቁላል አያይም። ውስጡ ያሉትን ትናንሽ ነፍሳት የሚጎዳ ነገር ውኃው ውስጥ እንዳለ ግን ነግሮናል።» ከዚያ የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ስለ ፍሳሽ ውኃ መስኖ ካወጣው መመሪያ የማውቀውን ነገርኳቸው፦ ውኃውን ጉድጓድ ውስጥ አሳድሮ ከላይ ከላይ መቅዳት የትል እንቁላሉን ወደ ታች ያስቀረዋል። ቅጠሉን ከላይ ከማርከፍከፍ በቦይ ሥሩን ማጠጣት ይሻላል። ከመቁረጥ በፊት ለጥቂት ቀናት ማጠጣት ማቆም ደግሞ ጀርሙን ፀሐይ እንዲገድለው ያደርጋል። በመርዙ ላይ ግን ከእነዚህ አንዱም አይሠራም፤ ያንንም አልደበቅኳቸውም።

ጉድጓዱን እንደሚሞክሩት ነገሩኝ። ሁለተኛውን ግን እንዲህ አሉ፦ «ሰላጣውን ከላይ ካላጠጣሁት አቧራ ለብሶ ማን ይገዛኛል? ሳላጠጣው ሦስት ቀን ካደረም ይጠወልጋል።» መልስ አልነበረኝም። ቆስጣው ተቀቅሎ ይበላል፤ ሰላጣው ጥሬ ነው። በሰላጣው ፈንታ ጎመን ቢተክሉ ምን ያህል ይጎድልባቸዋል ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ዋጋውን በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ። አንድ መደብ ለመሞከር ተስማሙ።

የካቲት 16፣ እሑድ

ከአሁን በኋላ አንድ ብልቃጥ አይበቃም። ጥንድ ጥንድ ሠራን፦ አንዱ ናሙናውን እንዳለ ይቀበላል፣ ሌላው ያንኑ ናሙና ከ50 ሚሊ ግራም አሴቴት ጋር። የሁለቱ ልዩነት ግራፉ ከሚለው ሲያንስ የመጀመሪያው ብልቃጥ የሚለው ቁጥር አይጻፍም፤ በቦታው «ተመርዟል» ተብሎ ይጻፋል። አንድ ወዳጄ የሚሠራበት ቤተ ሙከራ ላይኛውንና መሐሉን ናሙና በመደበኛው የ5 ቀን መንገድ እየለካልን ነው፤ ዓርብ ይደርሳል።

እማማ ከጎጇቸው በስተጀርባ ጥላ ያለው ቦታ ሰጡን። ልጆቹ መደርደሪያውን ከጣውላ ሠሩ፣ ብልቃጦቹን በሳፋው ውስጥ አስቀመጡ፣ ደብተሩን በገመድ አሰሩት። የመጀመሪያው ንባብ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፦ አንደኛው 80፣ ሁለተኛው 88።

ትልቋ ተማሪዬ በደብተሩ ላይ «ተመርዟል» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሰዓቱን አሰፈረች። እማማ ምን እንደጻፈች ጠየቋት፤ አነበበችላቸው። ባልዲያቸውን አንሥተው ወደ ወንዙ ሳይሆን ትናንት ወደ ተቆፈረው ጉድጓድ ሄዱ፤ ጉድጓዱም የተሞላው ከዚያው ወንዝ ነው።